የዓሣ ማጥመጃ ሳጥን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሐዋሳ እንደምወርድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዘንጌን አይቶ ዝም ይላል። ሳጥኔን ሲያይ ግን መጠየቅ ይጀምራል። ውስጡ ምንድን ነው? ስንት ፈጀ? እኔም ልግዛ? መልሱን በየስልኩ ከምደጋግም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ነጋዴም አስጎብኚም አይደለሁም። ለራሴ የማጠምድ፣ ብዙ ዕቃ አበላሽቼ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ሳጥን የግድ ነው ወይ? የሐይቅ ዳር ልጆች በአንድ ክርና በአንድ መንጠቆ ያጠምዱ የለ?

ያጠምዳሉ፣ ያውም ከእኔ የበለጠ። ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ላይ ክር ጠቅልሎ የመጣ ልጅ ስንቴ አሳፍሮኛል። ግን ልጁ ቤቱ እዚያው ነው። መንጠቆው ቢበጠስ ሮጦ ሌላ ያመጣል። እናንተ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ዝዋይ ደርሳችሁ የመጀመሪያው መንጠቆ ድንጋይ ሥር ሲቀር ምን ትሆናላችሁ? ሳጥን የሚያስፈልገው ለዚያ ቀን ነው። ዓሣ አይዝላችሁም፣ መልሶ ቤት ከመግባት ግን ያድናችኋል።

ምን ዓይነት ሳጥን ልግዛ?

ብዙ ሰው የሚያምረው ሲከፈት እንደ ደረጃ የሚዘረጋው ትልቁ ሳጥን ነው። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነው። ሱቅ ውስጥ ያምራል። እርሳስ (ክሩን ወደ ታች የሚያወርደው ከባዱ ብረት) ሲሞላበት ግን ክንድ ይገነጥላል፤ ጀልባ ላይ ሲከፈት ደግሞ ቦታ ይፈጃል፣ ማዕበል ከመጣ ሁሉም ደርብ አንድ ላይ ይገለበጣል። ጫሞ ላይ አንድ ከሰዓት ሙሉ ከጀልባው ወለል ላይ መንጠቆ ስለቅም የዋልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ባዶ እግሬን ነበርኩ።

አሁን የምይዘው ሁለት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ሳጥን ነው። ክዳናቸው ውስጡን ያሳያል፣ ክፍልፋዮቻቸው ደግሞ እየተነቀሉ የሚሰፉና የሚጠቡ ናቸው። ሁለቱም ተራ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ለትናንሽ ዓሣ፣ አንዱ ለትላልቅ። የምሄድበት ቦታ አንዱን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ሌላው ቤት ይቀራል።

ሱቅ ውስጥ እነዚህን እዩ። መቆለፊያው በአንድ ጣት ተነክቶ የሚከፈት ከሆነ ተዉት። ማጠፊያው ቀጭን ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ከጥቂት ወር በኋላ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ የብረት ዘንግ ያለው ይሻላል። ክፍልፋዩና ክዳኑ መሃል ክፍተት ካለ ትናንሽ መንጠቆዎች በመንገድ ላይ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ሳንቲም አንዱ ክፍል ውስጥ አድርጉ፣ ዝጉት፣ ገልብጣችሁ አንቀጥቅጡት፣ ክፈቱት። ሳንቲሙ ጎረቤት ከሄደ ሳጥኑን መልሱለት። ሻጩ ይስቃል። ይሳቅ።

ልዩ የዓሣ ሳጥን ካጣችሁ መርካቶ የብሎንና የምስማር መያዣ ተብሎ የሚሸጠው ባለ ክፍልፋይ ሳጥን በደንብ ይሠራል። ልዩነቱ ውሃ የማያስገባ ጎማ የለውም፤ እሱን ቦርሳ ውስጥ በፌስታል ጠቅልሎ ማለፍ ይቻላል።

እሺ ሳጥኑን ገዛሁ። ከምን ልጀምር?

ከዓሣው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ገብቶ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ይሰበስብና ቤት ሲገባ ‘ይሄ ለምንድን ነው?’ ይላል። መጀመሪያ የምትሄዱበትን ውሃ ምረጡ፣ ከዚያ እዚያ ያለውን ዓሣ፣ ከዚያ ዓሣው የሚበላውን። ሳጥኑ በመጨረሻ ነው።

ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ነገሩ በሁለት ዓሣ ያልቃል፦ ቆሮሶና አምባዛ። ቢሾፍቱ ባቦጋያ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ብትሄዱ በብዛት የምታገኙት ቆሮሶን ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው። ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር እየጋጠ የሚኖር ዓሣ ስለሆነ ትልቅ መንጠቆ ብታቀርቡለት ትሉን ከዳር ከዳር በልቶላችሁ ይሄዳል። ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ቡሽ፣ ቀላል እርሳስ ይፈልጋል። አምባዛ የዚህ ተቃራኒ ነው። አፉ ሰፊ ነው፣ ዓይኑ ደካማ ነው፣ በጢሙና በሽታ ይመራል፣ ከታች ከጭቃው ላይ ይፈልጋል። ለእሱ ወፍራም ክር፣ ትልቅ መንጠቆ፣ ወደ ታች የሚያወርድ እርሳስ፣ የሚሸት ነገር። ጉበት ይወዳል፣ የዶሮ አንጀት ይወዳል።

አርባ ምንጭ ከወረዳችሁ ነገሩ ይለወጣል። ጫሞና አባያ ውስጥ ናይል ፐርች አለ፣ እዚያ ሰው ‘ነጭ ዓሣ’ የሚለው። (ባሕር ዳር ሄዳችሁ ነጭ ዓሣ ብትሉ ደግሞ የሚያሳዩዋችሁ ሌላ ነው፣ ሲገዙ መጠየቅ ነው።) ናይል ፐርች ሲያድግ ከ100 ኪሎ በላይ መግባት የሚችል ዓሣ ነው። እናንተ የምትይዙት ያን ያህላል ማለቴ አይደለም፣ ድሮ የነበረው ትልልቅ ዓሣ በመረብ ብዛት ቀንሷል። ግን አምስት ኪሎውም ቢሆን የቆሮሶ ክር ላይ ቢመጣ ክሩን ይዞ ይሄዳል። እዚያው ሐይቅ ውስጥ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነ ታይገር ፊሽም አለ። እሱ ናይለን ይቆርጣል፣ ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቀጭን የብረት ሽቦ ያስፈልጋል።

በሦስቱ መካከል የጋራ ዕቃ ጥቂት ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ ሳጥን ልሙላ ያለ ሰው ለአንዱም የማይሆን ሳጥን ይዞ ይቀራል።

የመንጠቆ ቁጥር ግራ ገባኝ። ትልቁ ቁጥር ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?

ሁሉም ግራ ይገባዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከቁጥር 1 ጀምሮ ወደ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ሲሄድ መንጠቆው እያነሰ ነው። ስለዚህ ቁጥር 10 ከቁጥር 4 ያንሳል። ከ1 ወዲያ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ይቀጥላል፣ እዚያ ላይ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ይተልቃል። ፓኬቱ ላይ ከቁጥሩ ኋላ ሰረዝና ዜሮ (/0) ካያችሁ ትልቅ መንጠቆ ነው ብላችሁ ያዙት።

እኔ ለቆሮሶ ከ6 እስከ 10 ያለውን እይዛለሁ፣ 8ትን ይበልጥ። ለአምባዛ ከ2/0 እስከ 5/0። ለናይል ፐርች ከ6/0 ወደ ላይ። ከእያንዳንዱ አስር አስር ይበቃል፣ ለቆሮሶ ግን ሃያ ያዙ፤ ድንጋይና ደንገል ይበላቸዋል።

ሌላ ነገር፣ ክብ ሆኖ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ መንጠቆ አለ፣ ሰርክል ሁክ የሚሉት። ለአምባዛ በጣም እወደዋለሁ። ዓሣው ውጦት ሲሄድ ከሆዱ ወጥቶ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይይዛል፣ ስለዚህ ለመንቀልም ለመልቀቅም ቀላል ነው። ግን ልማድ መቀየር ይፈልጋል። ክሩ ሲሳብ እንደ ለመድነው ዘንጉን ነጠቅ ካደረጋችሁት ከአፉ ይወጣል። ዝም ብሎ ቀስ እያሉ መጠቅለል ነው። እኔ ይህን እስክለምድ ስድስት ሰባት አምባዛ አምልጦኛል፣ ጓደኛዬ ከጎኔ ቆሞ እየቆጠረ።

ክርስ? ስንት ዓይነት ልያዝ?

ሁለት ይበቃል። ሪሉ (ዘንጉ ላይ ያለው ክር መጠቅለያ) ላይ ካለው ሌላ ማለቴ ነው።

ተራው ናይለን ርካሽ ነው፣ ይለጠጣል፣ መለጠጡ ደግሞ ጀማሪን ይረዳል፤ ዓሣው ድንገት ሲስብ ድንጋጤውን ክሩ ይውጥለታል። ችግሩ ፀሐይ ያደክመዋል። መኪና ውስጥ መስታወት ሥር ወራት የከረመ ናይለን ላዩን ደህና ይመስላል፣ በእጃችሁ ሁለት ጊዜ ስትጎትቱት ግን ይበጠሳል። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ጫፉን አንድ ሁለት ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ከዚያ ሞክሩት። የቆረጣችሁትን ሐይቅ ዳር አትጣሉ እባካችሁ፣ የወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል። ሐዋሳ ላይ በአንድ እግሩ የሚያነክስ አባ ኮዳ አይቼ ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የተገመደው ክር፣ ብሬድ የሚባለው፣ በውፍረቱ ልክ በጣም ጠንካራ ነው፤ አይለጠጥም፣ የዓሣውን ንክሻ እስከ ጣት ድረስ ያመጣል። ግን ጣት ይቆርጣል፣ ድንጋይ ላይ ከተፋተገ ቶሎ ይሳሳል፣ ከተወሳሰበ ደግሞ በትዕግሥት የሚፈታ አይደለም። ለጫሞ ጥሩ ነው፣ ለባቦጋያ አያስፈልግም።

በቁጥር ለሚፈልግ፦ ለቆሮሶ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለአምባዛ 0.35 ወይም 0.40፣ ለናይል ፐርች ከመንጠቆው በላይ ያለው የጫፍ ክር 0.60 እና ከዚያ በላይ።

ቋጠሮ ስትቋጥሩ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይደክማል። ‘ትልቅ ዓሣ በጠሰብኝ’ ከሚባለው ወሬ ብዙው የቋጠሮ ጥፋት ነው። የተበጠሰው ክር ጫፍ እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሎ ከመጣ ቋጠሮው ነው የተፈታው፣ ዓሣው ላይ አታሳብቡ።

እርሳስ፣ ቡሽ፣ እነዚያ ትናንሽ ብረቶችስ?

እርሳስ የተለያየ ክብደት ያለው ያዙ፣ ግን ከባዱን አታብዙ። ለቆሮሶ በጥርስ… አይ፣ በፒንሳ ክሩ ላይ የሚጫነው የአተር ፍሬ የሚያህለው ይበቃል። ‘በጥርስ’ ልል ነበር፣ እኛም ያደግነው እንደዚያ ስናደርግ ነው። እርሳስ መርዝ ነው። በጥርስ አትንከሱት፣ ከነካችሁት በኋላ ሳትታጠቡ ዳቦ አትብሉ፣ ልጆች አይጫወቱበት።

ቡሽ ሁለት ሦስት፣ ጫፉ ቀይ ወይም ብርቱካናማ የሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ውሃው ላይ ሲያንጸባርቅ ሌላ ቀለም አይታይም። ስዊቭል የሚባለውን፣ ያን በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከረውን ትንሽ ማገናኛ፣ አስር ያህል። ክሩ እንዳይጠማዘዝ ነው ሥራው። ርካሽ ስለሆነ ብዙ አልልም።

ማታለያ ስንት ያስፈልገኛል? ቀለሙ ብዙ ነው።

ሉር የሚባሉት ሰው ሠራሽ ዓሦች ዓሣ ከማጥመዳቸው በፊት ሰው ያጠምዳሉ። በተለይ ዓይን የተሣለላቸው። ለቆሮሶ ብላችሁ ከሆነ አንድም አትግዙ፣ ትልና ሊጥ ይበቃል። አምባዛም ከማየት ይልቅ ማሽተት ነው። ሉር ቦታ የሚያገኘው ዓሣ አሳድደው ለሚበሉት ነው፣ ማለትም ለናይል ፐርችና ለታይገር ፊሽ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ለባሌ ትራውት።

ለጫሞ ከተነሣችሁ አራት ይበቃል፦ አንድ ከውሃው ላይ ላይ የሚዋኝ፣ ሁለት ጠለቅ የሚሉ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ ማንኪያ መሰል ብረት። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ ደማቅ ቀለምና የሚንቀጠቀጥ፣ የጠራ ከሆነ ብርማ ወይም የትንሽ ዓሣ ቀለም። ላንጋኖን ካያችሁ ስለምን እንደማወራ ይገባችኋል፣ ውሃው ሁልጊዜ ቡናማ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሮዝ ይሁን ሐምራዊ ዓሣው በምን አይቶት።

ከሉሩ ጋር የሚመጣው ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ይቃናል። እኔ አንድ ጊዜ ከሉሩ ጋር የመጣውን አምኜ፣ ሲመለስ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ አገኘሁት። በጠንካራ መቀየር ነው፣ መቀየሪያውንም ሳጥኑ ውስጥ መያዝ።

የጎማ ትሎቼ ቀልጠው ሳጥኑ ላይ ተጣበቁ። ምን ተፈጠረ?

ፀሐይ ብቻ አይደለም። ለስላሳዎቹ የጎማ ትሎች ለስላሳ እንዲሆኑ የተጨመረባቸው ዘይት መሰል ነገር አንዳንዱን ጠንካራ ፕላስቲክ ያሟሟል። ሳጥኑንም ይበላዋል፣ ጠንካራዎቹን ማታለያዎች ቀለማቸውንም ይልጣል። የተለያየ ቀለም ያላቸውን አንድ ላይ ካስቀመጣችሁ ደግሞ ቀለማቸው ይጋባል። መፍትሔው በመጡበት ላስቲክ ውስጥ መተው ነው። ያ ላስቲክ ያለ ምክንያት አልተሰጣችሁም። እኔ የመጀመሪያውን ሳጥኔን ያጣሁት በዚህ ነው፣ ስለዚህ አትፈሩ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ትሉንና ሊጡን ሳጥኑ ውስጥ አደርጋለሁ?

አታድርጉ! ለትል አፈር የተደረገበት፣ ክዳኑ የተበሳ የቅቤ ዕቃ ወይም ጣሳ። ለሊጥ እርጥብ ጨርቅ። ለጉበት የራሱ የሚከደን ዕቃ፣ ያውም መኪናው ኋላ። ረስታችሁት ሰኞ ከተገኘ የቤት ሰላም ይጠፋል።

ከማጥመጃ ሌላ ሳጥኑ ውስጥ ምን ይግባ?

እኔን ከጠየቃችሁ ከሁሉ በፊት ፒንሳ። አፉ ረዘም ያለ ፒንሳ። ያለ እሱ ከቤት አልወጣም። መንጠቆ ይነቅላል፣ እርሳስ ይጫናል፣ ሽቦ ይቆርጣል። ቀጥሎ ሰንጢ፣ የጥፍር መቁረጫ (ክር ለመቁረጥ ከቢላ ይሻላል)፣ አሮጌ ፎጣ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፕላስተርና የቁስል አልኮል።

ፎጣው ለምንድን ነው ለሚል፦ አምባዛ ያዳልጣል፣ ከጉንጩ ጎንና ጎን ደግሞ እንደ ጦር የቆመ አጥንት አለው። ሲወራጭ መዳፍ ይወጋል፣ ሕመሙም ቶሎ አይለቅም። በፎጣ ከጭንቅላቱ ኋላ ያዙት። ‘ሞቷል’ ብላችሁም አትዘናጉ፣ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ መኪና ውስጥ ጆንያው ሲንቀሳቀስ የደነገጠ ሰው አውቃለሁ። ቆሮሶን ደግሞ ከጭንቅላቱ ወደ ጭራው በመዳፍ እየደባበሳችሁ ያዙት፣ የጀርባው እሾህ እንዲተኛ።

መንጠቆ ጣት ውስጥ ከገባስ? ጫፉ ላይ ያለው ምላስ ከቆዳ ሥር ከገባ ወደ ኋላ አትጎትቱ፣ ሥጋ ይቀድዳል። ክሩን ቁረጡት፣ መንጠቆው እንዳይነቃነቅ አስራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር አትንኩ። የቴታነስ ክትባት ከወሰዳችሁ ስንት ዓመት እንደሆነም ጠይቁ፣ የዛገ መንጠቆና የሐይቅ ጭቃ ጥሩ ጓደኛሞች አይደሉም።

አንድ ሳጥን የማይገባ ነገር ልጨምር፦ የጎማ ቦት። ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ጣና ዳር ውሃው ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ሱሪ ጠቅልሎ ገብቶ መቆም ደስ ይላል፣ በሽታው ግን በቆዳ በኩል ይገባል። ጫሞና አባያ ላይ ደግሞ ቦቱም አያድንም፤ እዚያ አዞ ስላለ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብሎ ወይም ጀልባ ላይ ነው። ጉማሬ ደግሞ ከሐዋሳ እስከ ጣና አለ፣ ማታ ሲመሽ ወደ ሣሩ በሚወጣበት መንገድ ላይ አትቀመጡ።

ዝገት አስቸገረኝ። በየጊዜው መንጠቆ እገዛለሁ።

አንድ የዛገ መንጠቆ ጎረቤቶቹን ሁሉ ያዝጋል። የተጠቀማችሁበትን እርጥብ መንጠቆ ወደ አዲሶቹ አትመልሱ፣ ይኼ ነው ዋናው። አንድ ክፍል ‘ለእርጥብ’ ብላችሁ ተዉ። ቤት ስትገቡ፣ ምንም ብትደክሙ፣ ሳጥኑን ከፍታችሁ ጥላ ቦታ አሳድሩት። ከአዲስ ጫማ ጋር ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሉት፣ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት፤ ይሠራል። ጅቡቲ ወይም ዱባይ ጨው ውሃ ላይ የተጠቀመ ደግሞ ሁሉንም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ አለበት፣ ያውም በዚያው ቀን።

ዘመዴ ከአሜሪካ እየመጣ ነው። ምን ላስመጣ?

እርሳስና ቡሽ አታስመጡ፣ የሻንጣ ኪሎ መጨረስ ነው። ጥሩ መንጠቆ፣ ጥሩ ክር፣ ስዊቭል፣ ከተቻለ ደህና ሪል። እዚህ የሚሸጠው ሪል ጥሩም አለ መጥፎም፣ እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት እጀታው ሁለተኛው ቀን ላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ዘመዳችሁን አንድ ነገር አስጠንቅቁት፦ መንጠቆውና ቢላው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፣ በእጅ በሚያዘው አይደለም። መንጠቆውን በወፍራም ካርቶን ይሸፍነው፣ ፈታሹ እጁን እንዳይወጋ።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

አብዛኛው ይሠራል። ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ያለው ትልቁ ካትፊሽ የአምባዛ ዘመድ ነው፣ ሳጥኑም የአምባዛ ሳጥን ነው። ሁለት ነገር ግን ይለያል። አንደኛ፣ እዚያ ለአዋቂ ፈቃድ የግድ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ አንድ ወንዝ ዳር ሁለት እርምጃ ሄዳችሁ ሕጉ ሊቀየርባችሁ ይችላል። ሁለተኛ፣ ወደ ሰሜን ከወጣችሁ እንደ ሜይንና ኒው ሃምፕሸር ያሉ ግዛቶች ትናንሽ የእርሳስ ክብደቶችን ከልክለዋል፣ ወፎች እየዋጡት ስለሚሞቱ። ብሪታንያም ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደዚያው። እዚያ ያላችሁ በቆርቆሮ ወይም በተንግስተን የተሠራውን ግዙ።

ባሌ ትራውት አለ ሲሉ ሰማሁ። ለእሱ የተለየ ሳጥን ይፈልጋል?

ይፈልጋል፣ ግን ትንሽ ሳጥን፤ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ የምትገባ። ትራውት የአገራችን ዓሣ አይደለም፣ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ያሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው። ዲንሾ አካባቢ ያሉት ወንዞች፣ ዌብና ዳንካ፣ በዚህ ይታወቃሉ። ውሃው ጠባብና የጠራ ስለሆነ ከባድ ነገር ስትወረውሩ ዓሣው ይሰማል። ትናንሽ የሚሽከረከሩ ብረቶች፣ ለሚችለው ደግሞ ከላባና ከክር የሚሠሩ ዝንቦች፣ 0.18 አካባቢ የሆነ ክር። ጃኬት አትርሱ። ይህን የምለው አንድ ግንቦት ላይ በቲሸርት ሄጄ ስለነበር ነው።

ሳጥኔን ይዤ ዝም ብዬ መሄድ እችላለሁ? ፈቃድስ?

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ የምትሄዱበትን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም እዚያ ያለውን የአጥማጆች ማኅበር ጠይቁ። ነጭ ሣርና ባሌ ተራሮች ፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነ ፓርኩን ቢሮ ሳትጠይቁ ዘንግ አታውጡ።

ፈቃድ ባይጠየቅም የሚከበር ነገር አለ። እናት ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አውጥታችኋት ከአፏ ቢጫ ፍሬ ወይም ጥቃቅን ዓሣ ከፈሰሰ ቶሎ መልሷት። የጣና ዓሦች ደግሞ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ዓይነት ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያ ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ ቀላል ነው፣ ቀላል ስለሆነም ነው የጎዳቸው።

ልጄን ልወስድ ነው። ለእሱም ሳጥን ልግዛለት?

ግዙለት፣ የትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ እንኳ ይሆናል። አምስት ቁጥር 8 መንጠቆ፣ ሁለት ቡሽ፣ ጥቂት ስዊቭል። የመንጠቆዎቹን ምላስ በፒንሳ ጨፍልቁት፣ ቆዳ ቢይዝ በቀላሉ ይወጣል። እርሳሱ እናንተ ጋ ይሁን። የራሱ ሳጥን ያለው ልጅ የእናንተን አይበረብርም፣ ይህ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል።

ሳጥኔ ሞልቶ አልዘጋ አለ። ትልቅ ልግዛ?

አይ። ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፉና ሁሉንም ገልብጡት። ባለፉት ሦስት ጉዞዎች ያልነካችሁትን ለብቻ ለዩ። ከዚያ ውስጥ መለዋወጫ የሆነውን ብቻ መልሱ፣ ማለትም ትርፍ መንጠቆ፣ ትርፍ ክር፣ የሪል ብሎን። የቀረው በጫማ ካርቶን ይሁንና ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጥ። እኔ ጋ ያለው ካርቶን ውስጥ ዓይን የተሣለላቸው አስራ አንድ ማታለያዎች አሉ። ሁለቱ እስካሁን ከፓኬታቸው አልወጡም። ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ካለ ይምጣና ይውሰዳቸው፣ ቆሮሶ ግን አይዙም።